ተኝቼ አልነበረም

ኃጢአቴን ከመጨረሻው ልጀምር። ባለፈው የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል (ታንክስጊቪንግ) ሰሞን፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ በሚወስደው መንገድ ቤከር በምትባል የበረሃ መንደር ውስጥ፣ መኪናዬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ለቅቄ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ትንሽ ከፈት አድርጌ ተጋድሜ ነበር። ባትሪው 83 ፐርሰንት ሞልቷል። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቁ መኪኖች አሉ። የሚያየኝ ሁሉ «ምስኪን፣ መንገድ አድክሞታል» ብሎ እንዲያልፈኝ ነበር ሐሳቤ። ተኝቼ አልነበረም።

የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስለ መኪናዬ ያልሰበክሁት አበሻ ካለ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አበሻ የሚሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቡና ጠጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሰው ስለ ልጁ ምረቃ ሲያወራ እኔ ዘይት መቀየር ስለቀረልኝ ነገር አስገባለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የነዳጅ ዋጋ ያነሳሁበት ቀን አለ፤ ሚስቴ በክርኗ ጎሸም ባታደርገኝ ኖሮ ሟቹም ሳይሰማኝ አይቀርም ነበር። ከሁሉ የባሰ የሰበክሁት ላስ ቬጋስ ለሚኖረው ለሚስቴ እህት ባል ነው። ሰውየው አሮጌ ኮሮላ አለው። በአራት ደቂቃ ቤንዚን ሞልቶ ሲሄድ እኔ ቆሜ ስለ ዓለም ሙቀት አስተምረዋለሁ። አምና በዓሉ እሱ ቤት እንዲሆን ስንስማማ የደስታዬ ምክንያት ዘመድ መጠየቅ አልነበረም፤ በሩ ላይ ድምፅ ሳላሰማ ሄጄ መቆም ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ከእኔ ይሻላል። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተሰማ በኋላ አንዲት ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ይሰካታል፣ ጠዋት ሥራ ይሄድባታል። «ሐዋሳ ወሰድካት ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ለሐዋሳማ የጓደኛዬን ቪትዝ ነው የምዋሰው» አለኝ። ያን ጊዜ ፈሪ መስሎኝ ነበር።

የእኛ አፓርታማ መሰኪያ የለውም። የምሞላው ሰፈራችን ካለው ሱፐርማርኬት ነው። ማክሰኞ ማታ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ኳስ ነበር። ጠዋት ሚስቴ «ሞልቷል?» ስትለኝ ሰሌዳው 86 ፐርሰንት ይላል። «ሙሉ ነው» አልኳት። 86 ያመጣ ተማሪ ደፈነ እንደማይባል ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ልንነሳ ያሰብነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር፤ የወጣነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

የኋላ ወንበር ላይ አማቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው። መርካቶ ሸማ ተራ አርባ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው። የገና ጾም ገብቷል፣ ቀኑም ረቡዕ ነው፤ ስለዚህ የበዓሉ የቱርክ ዶሮ እሳቸውን አይመለከታቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጃቸው ቤት ሽሯቸውን ሊቀምሱ ተስማምተናል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንድ ከረጢት ቆሎና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

መንገዱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ መኪና ወረቀቱ ላይ 450 ይሄዳል። ወረቀት ግን ዳገት አያውቅም። ከሳን በርናርዲኖ በኋላ ካሆን የሚባለው መተላለፊያ ከ1,200 ሜትር በላይ ያወጣል፤ ያን ዳገት ስትወጡ ፐርሰንቱ እንደ ደመወዝ ነው የሚያልቀው። ፍጥነትም አለ። አየር መኪናን ወደ ኋላ የሚገፋበት ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ይህን ለሰው ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! የዚያን ቀን ግን በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር እነዳ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ አሮጌ ኮሮላ ቀድሞኝ ሄደ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቁጥሩን አይቼ ማሞቂያውን በስውር አጠፋሁ። የቤንዚን መኪና የሚሞቀው ሞተሩ በሚያባክነው ሙቀት ስለሆነ ሙቀቱ ነፃ ነው። የእኛ ግን የሚያባክነው ብዙ ሙቀት የለውም፤ እያንዳንዱ ሙቀት ከባትሪው ይቀነሳል። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ያነፍሳል እንዴ?»

«በረሃው ነው እማማ።»

በረሃው ጋ ገና አልደረስንም። አማቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ሚስቴ ማሞቂያውን አየች፣ እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች። ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለው ዝምታ ወለድ አለው።

ባርስቶው ከተማ ስንደርስ 34 ፐርሰንት ቀርቶናል። መኪናው ራሱ «እዚህ ሙላ» እያለ ነው። አፑን ስከፍተው ስድስት መኪና ወረፋ ይጠብቃል። ስድስት! እኔ ወረፋ ልጠብቅ? ባርስቶው ሕዝብ የሚቆምበት ነው፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ቤከር ይሄዳል ብዬ አለፍኩ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መንገድ የሚያውቅ ነበር።

ቤከር ከሩቅ የምትታወቀው በቴርሞሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያው አቅራቢያ ዴዝ ቫሊ ውስጥ 134 ዲግሪ ፋራናይት ተመዘገበ፤ በእኛ መለኪያ ወደ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለዚያ መታሰቢያ 134 ጫማ የሚረዝም ቴርሞሜትር አቁመዋል። ሥሩ ስንደርስ የእኔ ቁጥር 8 ፐርሰንት ነበር። ላቤ ግን 134 ይሆናል።

ጣቢያው 12 መሰኪያ አለው፤ 2ቱ ሞተዋል። ከእኛ በፊት የደረሱ 23 መኪኖች ይጠብቃሉ። «ተሰልፈው» አላልኩም። ሰልፍ የለም። አንዱ በግራ ይመጣል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ የሱቁን በር ዘግቶ ቆሟል። ተራ አስከባሪ የሌለው የመገናኛ ታክሲ ተራ በሉት። ነዳጅ ማደያ በአራት ደቂቃ ስለሚያስተናግድ ወረፋው ራሱን በራሱ ያቃልላል፤ ቻርጀር ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ታዲያ አብዛኛውን ጣቢያ የሠሩት ሰዎች ስለ ኪሎዋቱ እንጂ የሚጠብቀው ሰው የት እንደሚቆም ያሰቡ አይመስሉም። ችግሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ የምስጋና ሰሞን፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ ኬትልማን ሲቲ ላይ መኪኖች እንዲህ ተደርድረው የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። እኔም አይቼዋለሁ፤ «እቅድ የሌላቸው ሰዎች» ብዬም ለጓደኞቼ ልኬዋለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኃጢአት። ከፊታችን የነበረች ነጭ መኪና ባለቤቷ መጸዳጃ ቤት ሄዶ ትንሽ ክፍተት ተፈጠረ። መሪዬን ዘወር አድርጌ፣ ስልክ የማይ መስዬ ሹልክ አልኩ። የዲፕሎማሲ ሥራ ነበር የሠራሁት።

«ልጄ፣ ያቺ ነጭ መኪና መታጠፊያው ላይ ከፊታችን አልነበረችም?»

«አላየኋትም እማማ።»

«እኔ ግን አይቻታለሁ።» በሩን ከፍተው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት። አማቴ ከቆሎው ከረጢት ወረቀት ቀደዱ፣ ከሚስቴ ቦርሳ እስክሪቢቶ ተቀበሉ፣ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሄዱ ቁጥር ማደል ጀመሩ። በእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ሄሎ» እና «ቴንኪዩ» ብቻ ነው። ሚስቴ ከኋላቸው እየሮጠች «ማን ቀድሞ መጣ?» እያለች ትጠይቃለች፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጠቋቆሙ ይመሰክራሉ። ቁጥር ለተቀበለ ሁሉ አንድ እፍኝ ቆሎ ይጨመርለታል። ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ጎረምሳ ኮፍያውን አውልቆ ተቀበላቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ጸጥ አለ። ሰው ወረቀት ላይ ቁጥሩን ካየ ይረጋጋል መሰለኝ፤ መጮህ ያቆመው ሁሉ ቆሎ እየቆረጠመ ስለነበረም ሊሆን ይችላል። ነጯ መኪና 23 ደረሳት። ለእኔ 24 የተጻፈባትን ቁራጭ በመስኮት ሲያቀብሉኝ ምንም አላሉኝም። ቆሎ ግን አልሰጡኝም።

ተራችን የደረሰው ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በኋላ ነው። አማቴ እስከዚያ ጾማቸውን በድፎ ዳቦና በውሃ ፈትተዋል።

ባትሪ አሞላሉ እንደ ሚኒባስ ነው። ባዶ ሲሆን ተሳፋሪው ደስ ባለው ወንበር ይቀመጣል፤ ቶሎ ቶሎ ይገባል። የመጨረሻዎቹን ሰዎች ለማስገባት ግን «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ያስፈልጋል። ከ80 ፐርሰንት በኋላ መኪናው ባትሪው እንዳይጎዳ የሚገባውን ኃይል ራሱ ይቀንሳል። የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ከፊቷ የገባውን ሁሉ ያህል ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። እንግዲህ ቁጠሩት፦ 10 መሰኪያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢቆይ በሰዓት 20 መኪና ይስተናገዳል፤ አንድ ሰዓት ቢቆይ 10። ያ ሁሉ ወረፋ የመብራት እጥረት አልነበረም። «ለማንኛውም» የሚል ሰው ብዛት ነበር። ስኳር ሊጠፋ ነው ሲባል ኩንታል ገዝቶ ስኳሩን የሚያጠፋውን ሰው ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነኝ።

80 ሲሞላ ሚስቴ «መኪናው ይበቃል እያለ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ፊታችን ገና ሁለት ዳገት አለ፣ ማውንቴን ፓስ ከ1,400 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ ላስ ቬጋስ ያለው ቻርጀር ሁሉ ተይዞ ይሆናል አልኳት። ሁሉም እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን አንዱም አልነበረም። 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ያቆየኝ ሰው አጠገቤ ስለሌለ፣ የማቆየው ሰው ፈለግኩ። ሞልቶ ሳይነቅል ለሚቆም መኪና በደቂቃ እስከ 1 ዶላር የሚያስከፍሉ ጣቢያዎች እንዳሉም አውቃለሁ። እሱንም አስቤበታለሁ፤ 99 ላይ እስካለሁ ድረስ ማን ይነካኛል? ሚስቴ ንፋስ ልትቀበል ወረደች። እኔ ወንበሬን ለቀቅኩ፣ ሙዚቃ በቀስታ ከፈትኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ።

መስኮቱ ተንኳኳ። እንደ ቴአትር ተዋናይ ቀስ ብዬ ዐይኔን ከፈትኩ።

«ልጄ፣ 25 ቁጥር እየጠበቁ ነው።»

«ውይ እማማ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ...»

«እግርህ ዘፈኑን ሲመታ አየሁት።»

ወርጄ ነቀልኩ። 25 ቁጥር ሦስት ልጆች የጫነች እናት ነበረች። አማቴን አቅፋ አመሰገነቻቸው። እኔን በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝ፤ እሷም እግሬን ሳታይ አልቀረችም።

ላስ ቬጋስ የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማሞቂያው መንገዱን ሙሉ በርቶ ነበር፣ ሁለቱንም ዳገት ወጥተናል፣ ባትሪው 37 ፐርሰንት ቀርቶታል። የሚስቴ እህት ባል በሩን ከፍቶ «ስንት ሊትር ፈጀ?» አለኝ። «ትራፊክ ነበር» አልኩት። አማቴ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ታሪኩን ከቴርሞሜትሩ ጀመሩለት።

እኔ እንደሆንኩ ጠባዬ በአንድ ዓመት አይለወጥም። ዘንድሮም በዚያው መንገድ እንሄዳለን፤ አማቴ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ቤከር ላይ ከ80 ፐርሰንት በላይ የሞላ መኪና ውስጥ አፉን ከፍቶ የተኛ አበሻ ካያችሁ፣ እባካችሁ መስኮቱን አንኳኩ። አትዘኑልኝ።