እንደደረሰኝ ይድረሳችሁ

በዚህ አገር ሰውን ከኃላፊነት ነጻ ለማውጣት ጠበቃም፣ ዋስም፣ የንስሐ አባትም እንደማያስፈልግ የገባኝ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ነው። ከመልእክቱ ራስጌ «እንደደረሰኝ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሻህን ልቀቅ። ባንክ አክስር፣ ሚኒስትር ሻር፣ በሕይወት ያለ ዘፋኝ ግደል። ጠያቂ ቢመጣ አንተ የለህበትም፤ የደረሰህን ነው ያደረስከው። ፖስተኛ በተሸከመው ደብዳቤ ተከስሶ ያውቃል?

እንዲህ ያለ ጥበብ ባለበት አገር «ሚዲያ ሊትረሲ» እያሉ ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ይገርሙኛል። ይህ ነገር ለፊንላንዶች ነው። ምስኪኖቹ ልጆቻቸውን ገና ከአንደኛ ደረጃ ጀምረው «ይህን ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? በምን አወቀ?» ብለው እንዲጠይቁ ያስተምራሉ። ለጋ ልጅ በጥርጣሬ ይታሻል? እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጥ ተብለን ነው ያደግነው፤ ስናድግ ደግሞ ስልኩን ትልቅ ሰው አደረግነው።

ባለፈው ክረምት ግሩፓችን ውስጥ አንድ ፎቶ ገባ። «ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ! ወገን ድረስ! እንደደረሰኝ» ይላል። ፎቶውን በሁለት ጣቴ ዘርጋ አድርጌ አየሁት። እስከ መስኮቷ ጎርፍ የዋጣት መኪና መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ከኋላዋ ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ፊደሉ የእኛም አይደለም፣ የፈረንጅም አይደለም፤ ክብ ክብ እያለ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ነገር ነው። ውኃው ውስጥ የቆሙት ሰዎች በቁምጣ ናቸው፤ አንዱ ሾጣጣ የሣር ባርኔጣ ደፍቷል። የላኩትን ትልቋን አክስቴን ደወልኩላቸውና ይህንኑ ነገርኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቅንጣት ጸጸት አልነበረም። ሾጣጣ ባርኔጣ ለባሹ ለእርሳቸው የቦሌ ነዋሪ ነው።

እኚህ ሴትዮ መርካቶ ቅቤ ሲገዙ ማየት ነው። በጥፍራቸው ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከምላሳቸው ጫፍ ያደርሱታል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። ሻጩ ሲምል ቅቤውን ትተው የሰውየውን ዓይን ያያሉ። ከዚያ «ሙዝ አለበት» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። በርበሬ ውስጥ የገባ የሸክላ ዱቄት ከሩቅ ነው የሚታወቃቸው። ስልክ ሲይዙ ግን ያ አፍንጫ የዓመት ፈቃድ ይወጣል።

ደግሞስ ፍጥነቱን ማን ይክዳል? የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ትዊተር ላይ የተዛመቱ 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታትለው፣ እውነቱ 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ ከሐሰቱ 6 እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳይተዋል። ሐሰቱን ያፈጠነው በዋናነት ማሽን እንዳልሆነ፣ ሰው እንደሆነም ጨምረዋል። እንኳን ደስ ያለን! ዋትስአፕ ግን ምቀኛ ነው። ሕንድ ውስጥ በልጅ ሰራቂ ወሬ ሰዎች በደቦ ከተገደሉ በኋላ አንድ መልእክት በአንዴ ከ5 ቻት በላይ እንዳይላክ ገደበ። በኋላ ደግሞ ብዙ እጅ የዞረው መልእክት ላይ ሁለት ቀስት ለጠፈበትና በአንዴ ለአንድ ብቻ እንዲላክ አደረገ። የአጎቴ ልጅ ሁለቱን ቀስት የማዕረግ ምልክት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ቀስት ያለው መልእክት ሲገባ ብድግ ብሎ ነው የሚያነበው።

የሚያስቆጨኝ ይህ አሠራር በስልክ ብቻ መቅረቱ ነው። እድር ቢወርሰውስ?

የእድር አሠራር እስካሁን ኋላ ቀር ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለእድሩ ዳኛ ይነግራል፤ ዳኛው ጡሩንባ ነፊውን ያዛል፤ ጡሩንባ ነፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። ስንት ደጅ መረገጥ! በአዲሱ አሠራር ጡሩንባ ነፊው ማታ ጠጅ ቤት አንዲት ነገር ጆሮው ጥልቅ ካለች ይበቃዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ይነፋል፦ «አቶ እገሌ አርፈዋል ተብሏል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እንደደረሰኝ!» እስኪነጋ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። ሚስትየው ባላቸው አዳማ የልጅ ልጅ ክርስትና እንደሄዱ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ሕዝብ ሲያለቅስ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ጥቁራቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ።

ከሰዓት በኋላ አቶ እገሌ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይደርሳሉ። «ማን ሞተ?» ይላሉ ደንግጠው። ድንኳኑ በር ላይ ያለው ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጦ «እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ያጽናዎት» ይላቸዋል። አቶ እገሌ አለመሞታቸውን ለማስረዳት ይሞክራሉ። ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሰብሳቢው በትሕትና እንዲህ ይላሉ፦ «መሞትዎን የነገረን ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ መኖርዎን የሚናገሩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ለመሆኑ ምንጭዎ ማን ነው?» ሰውየው ወደ ቀበሌ ይሮጣሉ። ቀበሌ መልእክቱ ቀድሞ ደርሶት ስማቸውን ሰርዟል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ ማስረጃ ለመጠየቅ በአካል መቅረብ አይችልም። ወደ ድንኳኑ ይመለሳሉ። የእድሩ ገንዘብ ወጪ ሆኗል፣ ከክፍለ ሀገር ለቀስተኛ ጭኖ የተነሣው አውቶቡስም ጎሐ ጽዮንን አልፏል። ስለዚህ ሽማግሌ ይላክባቸዋል። «እንግዳ አያሳፍሩብን፤ ሰልስቱ እስኪወጣ ዘመድ ቤት ይቆዩልን።»

አቶ እገሌ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጥግ ይዘው ይቀመጡና ንፍሮ ይቆረጥማሉ። አስለቃሿ ደግነታቸውን ስታወርድ «ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ» ብለው እሳቸውም ያለቅሳሉ። ማምሻውን ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ አልሞቱም ይላል፤ ገሚሱ ይህኛው ጎረቤት እድር የላከው አስመሳይ ነው ይላል። አንድ ዩቲዩበር ይመጣና «ሰበር! ሟቹ ዝምታውን ሰበረ! ሙሉውን ሳያዩ እንዳይፈርዱ» ብሎ ይለቅቃል። ማስተባበያ ይነፋ የሚል አንድ የዋህ ይነሣል፤ ነገር ግን ጡሩንባ ለሞት እንጂ ለሕይወት ተነፍቶ ስለማያውቅ ከአልጋው የሚነሣ ጎረቤት አይገኝም። የአቶ እገሌ ወርሃዊ መዋጮ ብቻ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ሌላውም መሥሪያ ቤት ቢለምደው አልጠላም። ፋርማሲስቱ «ሦስት ጊዜ ዋጡት፤ እንደደረሰኝ» ይበል። ዳኛው 15 ዓመት ፈርዶ ከታች «እንደደረሰኝ» ብሎ ይጻፍ። አብራሪውም «ባሕር ዳር ልናርፍ ነው፤ እንደደረሰኝ» ብሎ ቀበቷችንን ያሳስረን።

በጥቅምት 2011 ምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆቻችንን በክትባት ሊመርዙ ነው በሚል ወሬ በደቦ ተገደሉ። ወሬውን ካቀባበሉት ሰዎች አብዛኛው እየዋሸሁ ነው ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። የደረሰውን ነው ያደረሰው። አንድ ሰው እንኳ «አንተ በምን አወቅህ?» ቢል ምናልባት ይተርፉ ነበር። አለመጠየቅ የዋህነት አይደለም፤ ነውር ነው።

ወደ ሙገሳዬ ልመለስ። ኮሮና በመጋቢት 2012 አገራችን ሲገባ ግሩፓችን ከጤና ጥበቃ ቀድሞ መድኃኒቱን አግኝቶ ነበር፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ። «ጣሊያን ያለ ሐበሻ ዶክተር የላከው ድምፅ» እንደሆነ ተነገረን፤ ዶክተሩ ስም አልነበረውም፣ ሳል ግን ነበረው። ዕድለኞች ነን፤ የእኛ መድኃኒት የሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰቅሎ ትንፋሻችንን አበላሽቶ ተወን። በዚያው ሰሞን ኢራን ውስጥ አልኮል ያድናል የሚለው ወሬ የደረሳቸው ሰዎች ሜታኖል ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩት አልቀዋል።

በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። ሕጉ መረጃው ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ሰው ይመለከታል። ማወቅ ይገባው የነበረ! አርቃቂዎቹ የእኛን ግሩፕ አያውቁም ማለት ነው። በአክስቴ አስተያየት ማወቅ የሚገባው የመጀመሪያው ላኪ ነው፤ የመጀመሪያው ላኪ ደግሞ እስካሁን በአካል ያየው ሰው የለም።

ሚዲያ ሕዝብ ይለውጣል ሲባል ድሮ እንዴት ያለ ጣጣ እንደነበር የሚያስታውስ አለ? «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ 257 ክፍል ፈጅቶ ነው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ በየቤቱ አፍ ያስከፈተው። አድማጩ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጻፈ። በእጅ! ቴምብር ለጥፎ! አክስቴ ያኔ ሬዲዮውን ከበው ቡና እያፈሉ ከጎረቤት ጋር ይሟገቱ ነበር። እሷ እንዲህ ማለት አልነበረባትም፣ እሱ እውነቱን አይደለም፣ ሐኪሙን ለምን አልጠየቁትም እያሉ። በልብ ወለድ ሰው ላይ ያን ያህል ምርመራ! እኚያው ሴትዮ ዛሬ እውነተኛ ነኝ የሚላቸውን መልእክት አንዲት ጥያቄ አይጠይቁትም። ድራማው ያልዋሸው ልብ ወለድ መሆኑን ስላልደበቀ ይሆን?

አፋሮችም አሉ። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ። ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን? የት? መቼ? ሐሰት ይዞ የመጣ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ወሬው ሳይሆን እሱ ነው የሚናቀው። በዚያ ሐሩር መካከል ምንጭ መጠየቅ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ያልታያቸው ዳጉ ሲጀመር ኔትወርክ ስላልነበረ ነው መሰለኝ።

በቀደም ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ፣ ያ ቀስት የሚያከብረው፣ «አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ያለ ዕጣ ቪዛ ልትሰጥ ነው፤ ሊንኩን ለ20 ሰው ላኩ፣ እንደደረሰኝ» ብሎ ለጠፈ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ያለው አሜሪካ ነው። ግሩፑ በእልልታ ተናወጠ፤ አክስቴ ፓስፖርት ያላቸውንና የሌላቸውን የልጅ ልጆች ዝርዝር ማውጣት ጀመሩ። እኔም ዲቪ የሚሞላው በአሜሪካ መንግሥት በራሱ ድረ ገጽ ብቻ መሆኑን፣ ሼር በማድረግ የሚገኝ ቪዛ እንደሌለ ከኤምባሲው ገጽ አምጥቼ ለጠፍኩ። ግሩፑ ጸጥ አለ። ብዙ ቆይቶ የአጎቴ ልጅ መለሰ፦

«ወንድሜ፣ ምንጭህ ማን ነው? ያገኙትን ነገር ሳያጣሩ መለጠፍ እኮ ጥሩ አይደለም።»

አክስቴን ጨምሮ ግሩፑ በሙሉ አውራ ጣቱን ቀሰረለት።