የተመራማሪ አኗኗርና ልማድ፦ አጭር የመስክ ጥናት

ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ ስንዴ ዋግና ስለ ጤፍ ዘር በአገራችን ብዙ ተጠንቷል። እነዚህን ሁሉ ስለሚያጠናው ፍጡር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሊጽፍ የሚችለው ራሱ ተመራማሪው ሲሆን እሱ ደግሞ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። ለናሙናነት የተመረጡት በሞለኪውላር ባዮሎጂ የተሰማሩት ናቸው፤ አንድ በር ላይ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ስለሚቆሙ ለምልከታ ይመቻሉ።

መኖሪያ። ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይኖራል የሚለው እምነት በሰፊው የተሠራጨ ቢሆንም በምልከታ አልተረጋገጠም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚኖረው ጋዋኑ ነው። ባለቤቱ በግዥ፣ በፋይናንስና በንብረት ክፍል መካከል ባለው ኮሪደር ፋይል ታቅፎ ይገኛል። የሚያሰማው ድምፅ «ገብተዋል?» የሚል ሲሆን፣ የሚሰጠው መልስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። «ሲስተም የለም» ሲባል ግን ምንም ሳይጠይቅ ወደ ሻይ ቤት ያመራል፤ ይህ ባሕርይ በሁሉም ናሙናዎች ላይ ታይቷል።

አመጋገብ። የተመራማሪው ሥራ ከሚመገባቸው ነገሮች አንዱ ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ የመጣው አሜሪካዊው ቶማስ ብሮክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ካገኘው ባክቴሪያ ነው። ኢንዛይሙ የሚያገለግልበት፣ ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአር የተባለው ዘዴ በየዙሩ ናሙናውን እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል። ብዙው ኢንዛይም በዚህ ሙቀት ወዲያው ሲበላሽ፣ ታክ ግማሽ ኃይሉን ለማጣት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የጉምሩክ መጋዘንን ስንት ሳምንት እንደሚችል ግን አምራቹ በማሸጊያው ላይ አልጻፈም።

ኢንዛይሙ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ፕሮፎርማ ይቀርባል። ዕቃውን የሚያስመጣው ድርጅት አንድ ብቻ በሚሆንበት ጊዜ፣ ተመራማሪው ዕቃውን የማያመጡ ሁለት ድርጅቶችን «የማትሸጡትን በስንት ትሸጡታላችሁ?» ብሎ ይለምናል። ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ። የውጭ ምንዛሪው ሲገኝ የፕሮፎርማው ጊዜ ያልፋል፤ ፕሮፎርማው ሲታደስ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለሌላ ይሰጣል። ይህ ዑደት በተፈጥሮ ከሚታወቀው የናይትሮጅን ዑደት የሚለየው፣ በእያንዳንዱ እርከን ማህተም ስለሚያርፍበት ብቻ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቀመጥ ስላለበት በደረቅ በረዶ ተከብቦ ይመጣል። ደረቅ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ነገር ነው። በመሆኑም ሳጥኑ ዘግይቶ ሲከፈት፣ በረዶ እንደነበረ የሚመሰክር አንዲት ጠብታ እንኳ አይገኝም፤ ተጠያቂም አይኖርም። ንብረት ክፍሉ አንዲት የውሃ ጠብታ የምታህል ፈሳሽ የያዘችውን ቱቦ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያታል። ከዚያም በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋታል፤ «መለኪያ፦ ፍሬ፤ ብዛት፦ 1»። በሞዴል 22 ወጪ እስክትሆን ድረስ መደርደሪያ ላይ፣ ከወረቀትና ከቀለም ጎን ትቀመጣለች።

የሌሊት ባሕርይ። የተመራማሪው እንቅልፍ ቀላል ነው። ናሙናዎቹ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ስላሉ፣ መብራት ሲጠፋ ከጥበቃው ስልክ ይደወልለታል፤ «ዶክተር፣ ያ ነገር እየጮኸ ነው»። ጄኔሬተር አለ። ናፍጣው በጥያቄ ላይ ነው።

ወቅታዊ ፍልሰት። በመስከረም «በጀት አልተለቀቀም» የተባለው ተመራማሪ፣ በሰኔ «ቶሎ ተጠቀሙ፣ ተመላሽ ሊሆን ነው» ይባላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በቀሩት ቀናት ሊገዛ የሚችለውን ይገዛል። የወባ ምርምር ፕሮጀክቶች ብዙ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር የሚኖራቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቅድ። ተመራማሪው በዓመቱ መጀመሪያ ምን እንደሚያገኝ፣ ስንት እንደሚያገኝና በስንተኛው ሩብ ዓመት እንደሚያገኘው ቅጽ ይሞላል። በሦስተኛው ሩብ ዓመት መጨረሻም «ግኝት፦ ዕቅድ 1፣ ክንውን 0.75» የሚል ሪፖርት ያቀርባል። የጎደለው 0.25 ግኝት «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር ይብራራል። «የተወሰደ መፍትሔ» በሚለው ሥር «ደብዳቤ ተጽፏል» ይላል።

ለንጽጽር ያህል ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የሠሩትን እንመልከት። ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚህ የተነሣው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሆኖም ሥራው በዛሬው መስፈርት ሲመዘን ግድፈቶቹ ብዙ ናቸው። ውሃው በጨረታ አልተመረጠም። ለእንዶዱ ሦስት ፕሮፎርማ አልቀረበም። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች በሞዴል 19 ገቢ አልሆኑም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ሩብ ዓመት ቀንድ አውጣ እንደሚሞት አስቀድሞ በዕቅድ አልተያዘም።

እንዲህ ያለ ነገር አሁን ባለው ቅጽ ፈጽሞ አልተዘነጋም። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ከዕቅድ ውጪ የተከናወኑ ተግባራት» የሚል ርዕስ አለ፤ በሥሩም አንድ ባዶ መስመር ተትቷል። ጥናቱ የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ አንድ ነው፦ መስመሩ ሁለት ይሁን። ሐሳቡ ተጨማሪ በጀት ስለማይጠይቅ በአፋጣኝ ተግባራዊ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። አዲሱን ቅጽ የሚያትመው ድርጅት በሦስት ፕሮፎርማ እስኪመረጥ ድረስ ግን በነባሩ መጠቀም ይቻላል።