ጡት በፈረቃ

ውሃ በፈረቃ ሆነ፤ ባልዲና ጀሪካን ደርድረን ዝም አልን። መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ሻማ ገዝተን ዝም አልን። ትምህርት ቤቱማ ከድሮም በፈረቃ ነበር፤ እኔ ራሴ ጠዋት አንዱን ክፍል፣ ከሰዓት ሌላውን ሳስተምር አርጅቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጡት በፈረቃ ሲሆን ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ዕድሜዬም አፌም አይፈቅዱልኝም።

ልጄ ወለደች፤ እንኳን ማርያም ማረቻት። የእናት ወግ ነውና የገንፎ ዱቄቴን፣ ቅቤዬን፣ የአጥሚት እህሌን ተሸክሜ ወደ ኮንዶሚኒየሟ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። በየፎቁ እየተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ደረስኩ። ገና ነጠላዬን ሳላወርድ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የመብራት ክፍያ መስሎኝ መነጽሬን አደረግሁ። «6 – 10 – 2 – 6 – 10» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ከሰዓቱ በፊት ጡት አይሰጥም!» ተብሎ ተጽፏል፣ ከነቃለ አጋኖው።

ባለጉዳዩ ገና አሥር ቀን አልሞላውም። ክርስትና ለመነሳት አርባ ቀኑን እየጠበቀ ነው። ስሙ ሳይወጣ ፕሮግራም ወጣለት።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«የማጥቢያ ሰዓት ነው እማዬ። በየአራት ሰዓቱ፤ ሌሊት የለም። ልጅ ከመጀመሪያው ሥርዓት ካልያዘ በኋላ አይቻልም።»

«ማነው ያለሽ?»

ቪዲዮ አሳየችኝ። ፀጉሯ ያልተንጨባረረ፣ ጥፍሯን ቀለም የተቀባች የውጭ አገር ሴትዮ ስለ ማጥባት ታስተምራለች። ክንዷ ላይ የታቀፈችው አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊት በርግጥ አራት ሰዓት ይቆያል። ዓመትም ይቆያል።

አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ የሰዓት ጠላት አይደለሁም። ዕድሜዬን በደወል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያረፈደ ተማሪ ሁሉ በር ላይ አቁሜያለሁ። ተማሪ ግን ቢያንስ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነው የሚመጣው፤ ደወል ሲደወልም ይገባዋል። ይሄኛው ቀንና ሌሊት መለየት እንኳ አልጀመረም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ነቃ። መጀመሪያ አላለቀሰም፤ ጨዋ ነው። እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ከንፈሩን መጠመጠ፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ፈለገ። የነጠላዬን ጥለት ሳይቀር ሊጠባ ቃጣው። «ርቦታል» አልኩ። «አልደረሰም፣ ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል» አለች። ጨዋነቱ አለቀና ጩኸቱን ለቀቀው። እሷም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ራሰ። ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጡት ያለቅሳል። ፍሪጁ ብቻ ነው ደህና የነበረው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከዚያው ከወረቀቱ ነው። የማን ሰዓት እንደሆነ አልተጻፈበትም። አማቼን ጠራሁና «6 ማለት ቀን ስድስት ሰዓት አይደል?» አልኩት።

«አይ እማማ፣ በፈረንጅ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው።»

«የት ተጻፈ?»

ዝም አለ። እንግዲህ የሁለት አገር ሰዓት ስለተጋጨ ልጅ አይራብም ብዬ በሁለቱም መሥራት ጀመርኩ። በፈረንጁ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4 እያነሳሁ አቀብላታለሁ። በእኛው ደግሞ ቀን 6፣ ቀን 10፣ ማታ 2፣ ሌሊት 6፣ ሌሊት 10 አነሳለሁ። ልጄ «እማዬ፣ አሁን አይደለም» ስትል «ወረቀትሽ ነው ያለው» እላታለሁ። ሒሳብም አስተምሬያለሁና ደምሩት፤ በቀን አሥር ጊዜ ይመጣል። ይቺን አሥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አማቼ ጥሩ ልጅ ነው፤ ስልኩ ላይ ፈልጎ የማያገኘው ነገር የለም። «ይሄን በየአራት ሰዓቱ የሚባለውን ማን እንዳስፋፋው ፈልግልኝ» አልኩት። ትሩቢ ኪንግ የሚባል የኒውዚላንድ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ነበር። ሆስፒታሉ እርሻ ነበረውና እዚያ የጥጆችን አመጋገብ አጠና፤ ጥጆቹ ሲያምርባቸው ፊቱን ወደ ሰው ልጅ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1907 ማኅበር ተቋቋመ፣ ነርሶች ሠለጠኑ፣ በየቤቱም ትእዛዝ ደረሰ። በየአራት ሰዓቱ አጥቢ፣ ሌሊት አታጥቢ፣ ባለቀሰ ቁጥር አታንሺው። የአብራኩ ልጅ አልነበረውም፤ በማደጎ ያሳደጋት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ሐሜት አይሁንብኝና ስለ ንጽሕና ብዙ አስተምሯል፤ ከጡጦ ይልቅ የእናት ጡት ብሎም ተሟግቷል። ይሄን አልነፍገውም። ግን ጥጃ እኔም አሳድጌያለሁ። ጥጃ እናቱን ሲያይ እምቧ ብሎ ገመድ ይበጥሳል እንጂ ሰዓት ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ አሜሪካዊው ዶክተር ስፖክ እ.ኤ.አ. በ1946 መጽሐፍ አሳትሞ እናቶችን ራሳችሁን እመኑ አላቸው፤ የሰዓቱ ነገር እየላላ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለማዋለጃ ቤቶች አሥር እርምጃዎች ሲያወጡ፣ አንዱ ልጅ በፈለገ ጊዜ ይጥባ የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሻሽለው፣ እናት የልጇን የረሃብ ምልክት እንድታውቅ ትደገፍ አሉ። ከኒውዚላንድ ተነስተው፣ ሰማንያ ምናምን ዓመት ዞረው፣ ልጅ በፈለገ ጊዜ ታጠባ የነበረችው እናቴ ደጃፍ ደረሱ ማለት ነው። እናቴ ለዚህ ስብሰባ አልተቀመጠችም። እነሱ ግን አበል ሳይከፈላቸው አልቀረም።

ለክብደት ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ልጅ እግር ናት፣ አንደበቷ ማር። ልጁን መዘነችው። አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መክሳቱ ያለ ነው፣ እስከ አሥር በመቶ ሊወርድ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ግን የተወለደበትን መልሶ መያዝ አለበት አለችን። የእኛው ይዟል። «ስንት ጊዜ ታጠቢዋለሽ?» ብላ ልጄን ጠየቀቻት። ልጄ ወደ እኔ አየች። «አሥር» አልኩ። «ጎበዝ! በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ነው የምንፈልገው።» ያቺ አሥር ይቺ ናት። ሁለት የተጣሉ ሰዓቶች ተደምረው የሐኪም ልክ ሰጡ።

ሲስተሯ ቀጠለች። ጡት የሚሠራው በተወሰደለት ልክ ነው፤ ልጁ ባዶ ባደረገው ቁጥር ሰውነት ተጨማሪ ያዘጋጃል፣ ሞልቶ ሲቆይ ግን ይበቃል ብሎ ማምረቱን ይቀንሳል። በሰዓት ገድባ የምታጠባ እናት ወተቴ አነሰ ብላ የቆርቆሮ ወተት ፍለጋ የምትወጣው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ወተት እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን ደግሞ ሌሊት ላይ ከፍ ስለሚል የሌሊቱን መተው አይመከርም። ልቅሶ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ከንፈሩን ሲመጠምጥ፣ አንገቱን ሲያዞር ስጪው አለቻት። ልጄ ይሄን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ትጽፋለች። አንገቱን የሚያዞረውን፣ ከንፈሩን የሚመጠምጠውን ስነግራት የሰነበትኩት እኔ አይደለሁም? እኔ ስለው የድሮ ሰው ወሬ፣ ሲስተር ስትለው ትምህርት። ፊርማና ማኅተም ቢኖረኝ ኖሮ ፍሪጁ ላይ እኔ ነበርኩ የምለጠፈው።

ደስታዬን ሳልጨርስ ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ቅቤ አላላሳችሁትም አይደል?»

ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ ነው።

«እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ምንም የለም፤ ውሃም፣ ቅቤም፣ አብሽም። እንገሩንም እንዳላፈሰሳችሁት ተስፋ አለኝ፣ የመጀመሪያ መከላከያው እሱ ነው።» እሺ አልኳት። እንዲህ ባለ ማር አንደበት የተናገረችን ልጅ ምን ትላታለህ? ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክሜው የወጣሁትን ቅቤ ቤት ስገባ አራሷ ገንፎ ላይ አፈሰስኩት፤ ገንፎው መሐል ኩሬ ሠራ። ልጁ በእናቱ በኩል ያገኛት እንደሆነ ሲስተሯም እኔም አንካካድ።

ያ ወረቀት ያን ቀን ማታ ተቀደደ። እፎይ አልኩ። ለካ መከራው አላለቀም። ልጄ አንድ ነገር ስትይዝ እስከ ጫፉ ነው፤ በአባቷ ወጥታ ነው። አሁን ደግሞ «በፍላጎቱ ነው» ብላ ልጁ ድብን ብሎ ሲተኛ አትነካውም። አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛ! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ የሚተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል፤ በተለይ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ያለ ልጅ ከድካሙ የተነሳ ጡት መጠየቅ ራሱ ሊረሳ ይችላል፤ ያኔ አንቀልባ ሳይፈለግ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ይሄን ሲስተሯም ብላለች፣ ልጄ ማስታወሻዋ ላይ ቦታ አልቆባት ይሆናል። እግሩን አሸት አሸት፣ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ቀሰቀስኩት። በቂ እያገኘ መሆኑን ካሻችሁ ሽንቱን ተመልከቱ፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካራሰ ደህና ነው። ዳይፐር አይዋሽም።

አማቼ ደግሞ ስልኩ ላይ አፕ ጫነ። ልጁ ጡት ሲይዝ ይጫናል፣ ሲለቅ ይጫናል። «ግራ፣ 14 ደቂቃ» ይላል። ሲያገሳ የሚጫን ነገርም አለው። የገበሬ ልጅ ሆኖ ስንት ላም ሲታለብ አይቶ አድጎ፣ ግራና ቀኙን ስልክ ካልነገረው አያምንም። ሚስቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስትፈልግ የሚደውል አፕ ግን የለውም።

ንጭንጬ ሁሉ መድረሻው እዚህ ነው። ልጄ ያንን ወረቀት የለጠፈችው ልቧ ስለጨከነ አይደለም። ብቻዋን ስለነበረች ነው። እኔ እስክደርስ ድረስ በዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ሰዓት ያስፈለጋት ልታርፍ የምትችልበትን ጊዜ ቀድማ እንድታውቀው ነው፤ አራት ሰዓት ማለት እኮ አንድ ሻወር፣ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ሽልብታ ማለት ነው። እኔ ስወልድ ግን አራስ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ልጁን እሹሩሩ ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳትሠራ ታወራለች፤ እሷም ታስፈልጋለች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አጠባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በቀን አሥር ጊዜ ይሁን አሥራ አምስት የቆጠረ የለም። የዘንድሮ ምክር «ልጁ በፈለገ ጊዜ» ይላል፤ ልክ ነው፤ እናቲቱ በፈለገች ጊዜ ማን እንደሚያበላት ግን አይናገርም። ያንን መስመር አሥሩ እርምጃዎች ውስጥ አስፈልጌ አጣሁት፤ አሥራ አንደኛ አድርገው ይጨምሩልኝ።

ሕጉም ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሐኪሙ 6 ወር ጡት ብቻ ይላል። በመሐል ያለውን ማን ያጥባ? አማቼ? ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው፤ ሦስቱም ቀን ሆስፒታል ካርድ ሲያወጣና መድኃኒት ሲገዛ አለቀ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች እናት የላቸውም አልልም። ግን ሲያረቁ ከጎናቸው ሕፃን አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ስብሰባው በየሁለት ሰዓቱ ይቋረጥ ነበር።

እና እናንተ ልጄን ለመጠየቅ የምትመጡ ጎረቤቶችና ዘመዶች፣ ልመናዬን ስሙ። «ሌሊት ያስተኛችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አያስተኛንም። «ወተትሽ በቂ ነው?» አትበሏት፤ በቂ ነው። ልጁን አትሳሙት፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሲጠባ ፎቶ አታንሱ። አጥሚት በፔርሙስ ወይም ገንፎ በድስት ይዛችሁ ኑ፤ ቢቻል ከነጭልፋው። በልታ ስትጨርስ ሳህኑን እጠቡና ሂዱ። በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ባዶ እጁን የመጣ ከአንደኛ ፎቅ ይመለስ፣ ደረጃው ብዙ ነው።