ከማን አንሼ ብለን ዝቅ አልን

ስምጥ ሸለቆ የሚለውን ስም ያወጣልን ሰው አርቆ አሳቢ ነበር። ይህ መሬት መስመጥ ከጀመረ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል፤ ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተላቀቀ ሥራውን አላቆመም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ የከረመው ይኸው መሬት ነው። መተሐራ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቶ መንገደኛውን ሳይጠሩት መንገዱ ድረስ ሊቀበል ወጥቷል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ጎማው ትልቅ፣ ሆዱ ከመሬት ራቅ ያለ መኪና ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል። የአዳማ ጎረምሳ መልሱን ካገኘው ቆየ፤ መሬቱ ዝቅ ካለ መኪናውስ ለምን ከፍ ይላል?

ለዚህ ጥበብ የምታስፈልገው አንዲት ቪትዝ ናት። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ 70 የፈረስ ጉልበት አላት። የተሠራችው ለጃፓን መንገድ ስለሆነ መሪዋ በቀኝ በኩል ነበር፤ ዱባይ ላይ ወደ ግራ ተዛወረላት፤ ባሕር ተሻግራ፣ በጅቡቲ በኩል ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ በደህና ገባች። ይህን ሁሉ የቻለች መኪና አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ስትደርስ ነው ጉድለቷ የታወቀው፤ “ከፍ ብላለች” ተባለች።

ሕክምናው ቀላል ነው። ጋራዥ ትገባለች፤ ሞላዎቿ ይወጣሉ፤ በግራይንደር ሁለት ሁለት ዙር ይቆረጡና ይመለሳሉ። ያ ሞላ ስንት ዙር ይኑረው፣ ስንት ኪሎ ይሸከም እያሉ ሲያሰሉ የከረሙት የጃፓን መሐንዲሶች ጊዜያቸውን ነው ያባከኑት፤ አንድ ሰው ወደ አዳማ ልከው ቢጠይቁ ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። እርግጥ ነው፣ ያጠረ ሞላ ይደርቃል። ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ሾኩ ጥግ ድረስ ይመታል፤ ጎማው ከመሬት ይላቀቃል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢረግጡለት አይሰማም። የጎማው የውስጥ ጠርዝም ብቻውን ተበልቶ ያልቃል። ግን ከውስጥ ነው፤ አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ በዚህ ሙያ ከቁጥር አይገባም።

ቀጥሎ ማርሚታው ተከፍቶ ሆድ ዕቃው ይወጣል። ቪትዟ አንድ ፈረስ ሳይጨመርላት የሰባት መቶ ፈረስ ያህል ታናፋለች። በእኩለ ሌሊት ስታልፍ ገና ጡት ጠብቶ የተኛው ሕፃን ይነሳል፤ እናትየው ትነሳለች፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳል። አንድ ሰው ቤቱ ሲገባ ይህን ያህል ሕዝብ ተነስቶ የሚቀበለው ዱሮ ንጉሥ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ከኋላ ስፖይለር ይተከላል። ስፖይለር ማለት በከፍተኛ ፍጥነት የሚሄድ መኪና እንዳይነሳ አየሩ ወደ መሬት እንዲጫነው የሚያደርግ ክንፍ ነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በባጃጅ ሰልፍ መሃል እየተሳበች የምትሄድ ቪትዝ ድንገት ተነስታ እንዳትበር ይህን ያህል መጠንቀቅ የሚመሰገን ነው።

ሐቁን ለመናገር፣ ለዚህች መኪና የሚመጥን መንገድ አጥተን አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ስድስት መስመር አለው፤ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ሲዘረጋ ጉብታ የለበትም፤ ጋሪና ባጃጅም አይገባበትም። ጣጣው ሌላ ነው። ይከፈልበታል፤ ከ120 በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተመልካች የለውም። በረንዳ ላይ ቡና ይዞ አንገቱን የሚያዞር ሰው በሌለበት መንገድ ላይ መብረር ምን ይሠራል? ስለዚህ ቪትዟ ለስላሳውን አስፋልት ትታ ወደ ጉድጓዱ ትመለሳለች፤ ሰው ያለው እዚያ ነዋ።

ክረምትም አያቆማትም። ፈረንጅ ክረምት ሲል በረዶውን ነው፤ እኛ ክረምት ስንል ጭቃውንና ጎርፉን። በካናዳዋ ኬቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ሳያስገቡ መንዳት በሕግ ያስቀጣል። ትንሽዬ የስፖርት መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ሳይቀር ወይ ጎማ ይቀይራል፣ ወይ ሸፍኖ አቁሟት በሌላ ይሄዳል። ፈሪዎች! እኛ ዘንድ ሐምሌ ሲገባ የሚቀየረው ዘፈኑ ብቻ ነው።

ጎረምሶቹን ብቻ ነጥዬ እንዳልበድል ደግሞ ታላላቆቻቸውንም ላመስግን። ጭቃና አሸዋ እንዲጥስ የተሠራው ቪ8 ከቢሮ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ቢሮ አስፋልት ላይ ይመላለሳል፤ ለአስፋልት የተሠራችው ቪትዝ ጭቃ ውስጥ ትዋኛለች። ሁለቱ ቢለዋወጡ የአገሪቱ ግማሽ የትራንስፖርት ችግር በተፈታ ነበር። ግን ማን ይለዋወጣል? አንዱ ከማን አንሼ ብሎ መኪናውን ከፍ አደረገ፤ ሌላው ከማን አንሼ ብሎ ዝቅ አደረገ። መንገዱን የጠየቀ የለም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው በዝቷል። የማርሚታ ጠበብቶቻችን ጭንቀት ይገባኛል፤ ማርሚታ የሌለው መኪና ሰፈሩን በምን ይቀሰቅሳል? አይዟችሁ፣ ድምፅ ማጉያ ገና አልተከለከለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። እናቴን፣ ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ የሚላትን፣ ጉልበቷን ያማታል። የእህቴ ልጅ አንድ የክረምት ቅዳሜ “ጋሼ፣ እቴቴን ሶደሬ ፍል ውኃ እኔ እወስዳታለሁ” ሲለኝ ደስ አለኝ። ዝቅ ያለችው የሱ ቪትዝ ውስጥ እቴቴን እንደ ሕፃን አጥፈን አስገባናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

የመጀመሪያው የፍጥነት መግቻ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች።

“ጋሼ፣ አንዴ ውረዱልኝ፤ ኮፓዋን ትመታለች።”

ወረድን። እቴቴ በአንድ እጇ በሩን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ከዚያ ከምድር ከተጣበቀ መቀመጫ ተጎትታ ወጣች። ቪትዟ ጎኗን ሰጥታ፣ አንዱን ጎማ አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች፣ እንደ ነፍሰ ጡር እየተጠነቀቀች ተሻገረች። ተሳፈርን። ሁለተኛው ጋ ወረድን። ሦስተኛው ጋ ወረድን። አምስተኛው ላይ እቴቴ ተመልሳ መግባቱን ትታ፣ “ልጆቼ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደማችሁ” አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ነው፤ ሶደሬ ስንደርስ ፍል ውኃው ከቤት የመጣውን ሕመም ያክም ከመንገድ የተጨመረውን ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ስንመለስ ዝናቡ ቀድሞን ደረሰ። አዳማ ኮረብታ የከበባት ሳህን ናት፤ ዙሪያውን የጣለው ሁሉ ታች ከተማው ውስጥ ይገናኛል። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ባጃጆቹ ዳር ይዘው ቆመዋል፤ አንድ አባዱላ ውኃውን እየሰነጠቀ አለፈ። የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ የተጠለለውን ሕዝብ አየ፤ ሕዝቡም እሱን አየው። በዚህች ቅጽበት አንድ ሰው ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ነዳጁን ረገጠው። ቪትዟ አናፋች፤ ውኃው ወገቧ ላይ ደረሰ፤ በአፍንጫዋ ሳበችና ጸጥ አለች። ያን ያህል ጸጥ ብላ አታውቅም።

ባጃጅ ከመሃል ከተማ የገፋው አንድ ጋሪ ከላይ ሰፈር እየወረደ ደረሰ። ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ ለረጅም ጊዜ አየን። ገመድ አወጣ። እቴቴን አቅፎ ጋሪው ላይ አጠገቡ አስቀመጠልንና ገመዱን ከመኪናዋ አሰረ። እኛ ከኋላ ልንገፋ ተዘጋጀን።

“ኦቦሌሳ፣ ይቺ ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?” ሲል ጠየቀው።

“ሰባ” አለ የእህቴ ልጅ፣ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ያም ሆኖ ትንሽ ኮራ ብሎ።

“ሰባውም አንድ ላይ ታመሙ?”

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻ የተመኘነውን ያህል ተመልካች አገኘን። ፈረሱ አንዴ አንገቱን ደፍቶ ሳበና ቪትዟ ከነስፖይለሯ ተነቃነቀች። እቴቴ ከላይ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እኛን ቁልቁል እያየች ሄደች። ከማን አንሼ ለሚለው የዘመናት ጥያቄም መልሱን ያኔ አገኘሁት፤ ገመዱ ጫፍ ላይ፣ ጆሮውን እያወዛወዘ፣ ከፊታችን ቀስ ብሎ ይሄዳል።