መንፈስ ፍለጋ በቶዮታ

ጌቲስበርግ ውስጥ የሙታን ንግድ ደርቷል። ፋኖስ የያዘ አስጎብኚ ተከትሎ በእግር መሄድ ለሚፈልግ አለ፤ በአውቶቡስ መዞር ለሚፈልግ አለ፤ መንፈስ ይለካል የሚባል መሣሪያ ጨብጦ ምድር ቤት መውረድ ለሚፈልግም አለ። ርካሹ ግን በራስ መኪና የሚደረገው ነው። ስልክ ላይ የሚጫን ትረካ ይገዛሉ፤ መኪናዎን ያስነሳሉ፤ ስልኩ የት እንደደረሱ በሳተላይት እየተከታተለ የዚያን ቦታ የመንፈስ ወሬ በሚያስፈራ ድምፅ ይነግርዎታል። በር ተቆልፎ፣ ማሞቂያ ተከፍቶ፣ ቀበቶ ታስሮ መፍራት ነው። ለእኔ ዓይነቱ ጀግና የታሰበ ነገር።

ሐሳቡ የልጄ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ኦክቶበር ገብቶ የሰፈሩ ቤት ሁሉ በአፅምና በሸረሪት ድር ሲያጌጥ እሷንም የሆነ ነገር ይነካካታል። ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ለሁለት እንሄዳለን ብለን ነበር፤ ነገር ግን አማቴ ከጎንደር ሊጠይቁን መጥተው እኛው ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰንብተዋል። ብቻቸውን ትቶ መውጣት ነውር ነው። ይዞ መሄድስ? ቆራቢ፣ ጽዋ ጠጪ ወይዘሮ “የሙት መንፈስ ልናይ ነውና ይነሡ” ተብለው ይጋበዛሉ? “የጦር ሜዳ ልናሳይዎ ነው” አልኳቸው። ውሸት የለበትም። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቆሎ በፌስታል ቋጠሩ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበልም ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

“ጠበሉ ለምንዎ ነው፣ እማዬ?”

“ለመንገድ ነው። አንተ ስትነዳ አይቼህ የለ?”

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጌቲስበርግ ሁለት ሰዓት አይሞላም። 270ን ይዞ እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ 15 ቁጥርን ወደ ሰሜን ነው። እየነዳሁ ገለጻ ሰጠሁ። ጦርነቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 ነው፤ በእኛ 1855 ዓ.ም.፣ አጼ ቴዎድሮስ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ወደ 165,000 የሚጠጋ ወታደር 2,400 ያህል ሰው በሚኖርባት አንዲት የገጠር ከተማ ዙሪያ ተፋጠጠ። ደቡቦቹን ሮበርት ሊ፣ ሰሜኖቹን ጆርጅ ሚድ ያዝዙ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው ሲደመር 51,000 አካባቢ ይገመታል።

“ከማን ጋር ነው የተዋጉት?” አሉ አማቴ።

“እርስ በርሳቸው።”

በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ዝም አሉ። ልጄ ከኋላ ሆና “ስለ ባርነት ነው፣ እማማ። ይቅር፣ አይቅር ብለው” አለቻቸው።

“እሱስ ያዋጋል” አሉና ቆሎ አቀበሏት።

ትረካውን የጀመርነው ኦክ ሪጅ ከሚባለው ከፍታ ላይ ነው። አማቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ መንፈስ መንፈሱን ዘልዬ ታሪክ ታሪኩን ብቻ ላቀብላቸው አስቤ ነበር። አልተሳካም። ተራኪው በየመሀሉ ያቃስታል፤ ከጀርባውም በር ሲጢጥ ይላል፣ ነፋስ ያፏጫል።

“ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ?”

ምን ይደረግ፣ ነገርኳቸው። የሙት መንፈስ ታያለህ ተብሎ ገንዘብ እንደሚከፈልም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ “ከፍላችኋል?” ብቻ አሉ። አዎ ስላቸው “እንግዲያ ገንዘቡ ከሚባክን እንስማው” ብለው ወንበራቸውን አስተካከሉ።

ኦክ ሪጅ ላይ የሆነው ያለ ማቃሰትም ያስፈራል። በመጀመሪያው ቀን የጄኔራል አይቨርሰን የሰሜን ካሮላይና ብርጌድ ቃኚ ሳያስቀድም፣ አዛዡም ሳይከተለው በሜዳው ገባ። ሰሜኖቹ ከድንጋይ አጥር ጀርባ አድፍጠው ሲጠብቁ ቆይተው ድንገት ተነሥተው ተኮሱ። ሰዎቹ በተሰለፉበት በመስመር ወደቁ፤ እዚያው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ የእርሻው ሠራተኞች ፀሐይ ካዘቀዘቀች እዚያ አንሠራም ይሉ እንደነበር ተራኪያችን በሹክሹክታ ነገረን።

“ሠራተኛ ሲመሽ አልሠራም ለማለት መንፈስ ምን ያደርግለታል?” አሉ አማቴ። አርሶ በሚያድር ቤት ያደጉ ሴት ናቸው።

መንገዱን በተመለከተ ለተከታይ ጎብኚዎች አንድ ቃል። አብዛኛው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አንዱን ማቆሚያ ያለፈ ሰው ዞሮ ለመመለስ ግማሽ ጦርነቱን እንደገና ማየት አለበት። ስልኩ ደግሞ ከመኪናው ኋላ ይቀራል። “አሁን በቀኝዎ ያለውን በጥሞና ይመልከቱ… የሚንቀሳቀስ ነገር ይታይዎታል?” ሲለን በቀኛችን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ሰልፉም ይንቀሳቀሳል። “ከሐውልቱ አጠገብ” ሲል ደግሞ የባሰ ነው። ሜዳው ላይ ከ1,300 በላይ ሐውልትና ምልክት ቆሟል፤ የትኛው ሐውልት?

ከተማው ውስጥ ጄኒ ዌድ የሞተችበት ቤት ፊት ለፊት ቆምን። የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቷ ቤት ለሰሜን ወታደሮች ዳቦ ልትጋግር ሊጥ ስታቦካ አንዲት ጥይት ሁለት በር በስታ ገደለቻት። በዚያ ሁሉ ተኩስ በቀጥታ የተገደለች ብቸኛዋ ሲቪል ናት። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ያላገባች ሴት ጥይቱ በበሳው የበር ቀዳዳ ጣቷን ካስገባች የትዳር ጥያቄ ይመጣላታል ይባላል።

“አንቺ እንዳትነኪው!” አሉ አማቴ ወደ ልጄ ዞረው። ቀጥለውም ተራኪው በዚያ ሁሉ ማቃሰቱ ያላነሣውን ነገር ጠየቁኝ። “ሊጡስ?”

እንደ አጋጣሚ ይህን አንብቤ ነበር። እናትየው በማግስቱ ሊጡን ጋገረችው ይባላል። አማቴ አንገታቸውን ነቅንቀው “እህ” አሉ፤ የልጅቱን ስም ሁለት ጊዜ አስደግመውኝ “ነፍስ ይማር” አሉ። ከዚያ ወዲያ በየማቆሚያው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስም ሆነ። ተራኪው ግን ስም አይወድም፤ “አንድ ወታደር”፣ “ነጭ የለበሰች ሴት”፣ “ጥላ” ነው የሚለው። ከ12,000 በላይ ደቡባዊ ተሰልፎ አንድ ማይል በሚጠጋ ገላጣ ሜዳ መድፍ ላይ የሄደበትን የፒኬትን ጥቃት ስፍራ አልፈን ስንሄድ እንኳ የነገረን ስለ ጉም ነው።

ትሮስትል ከሚባለው እርሻ ስንደርስ አላስቻለኝም፤ የስልኩን ድምፅ ቀንሼ እኔው ተረክሁ። ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ በሁለተኛው ቀን እዚህ ቀኝ እግሩን በመድፍ ጥይት ተመታ፤ እግሩም ተቆረጠ። ሰውየው ከዚያም በፊት ስመ ጥር ነበር። በ1859 የኮንግረስ አባል ሳለ የሚስቱን ወዳጅ ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት በጠራራ ፀሐይ ተኩሶ ገድሏል፤ ሟቹ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር የጻፈው ሰው ልጅ ነው፤ ፍርድ ቤቱም “ለጊዜው አብዶ ነበር” ብሎ ለቆታል። እግሩን ታዲያ እንዲሁ አልጣለውም። የሬሳ ሣጥን በምትመስል ትንሽ ሣጥን አድርጎ፣ የራሱን የስም ካርድ ጨምሮ፣ ዋሽንግተን ለነበረው የጦር ሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም ላከው። ከዚያም በየዓመቱ በዚያ ቀን እየሄደ ይጎበኘው ነበር ይባላል። ይህን ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ያደረገውን የ1895 ሕግ ለኮንግረስ ያቀረበውም እሱ ነው። በአንድ እግሩ።

“ለእግሩ ተዝካር ያወጣ ነበር በለኛ” አሉ አማቴ። “አሁን የት ነው?”

“እግሩ? ሲልቨር ስፕሪንግ። ሙዚየሙ ወደ እኛ ሰፈር ተዛውሯል።”

“ከእኛው ጋ?” ጉዞው ከተጀመረ ጀምሮ አማቴ በእውነት የደነገጡት ያን ጊዜ ነው።

ዴቭልስ ዴን ስንደርስ ቀኑ አዘቅዝቋል። የሰይጣን ጎሬ እንደማለት ነው፤ እርስ በርስ የተደራረቡ ግዙፍ ቋጥኞች ናቸው። “ስሙን እያወቃችሁ አመጣችሁኝ?” አሉና አማተቡ። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። እዚህ ቦታ ካሜራ ይበላሻል፣ ባትሪ ያልቃል አለ። ምክንያት አለው። ጦርነቱ እንዳበቃ የአሌክሳንደር ጋርድነር ፎቶግራፍ አንሺዎች የአንድን ወጣት ወታደር አስክሬን ከወደቀበት ተሸክመው በሁለት ቋጥኝ መካከል አጋደሙት፣ ጠመንጃ አስደገፉበትና “የአልሞ ተኳሹ ምሽግ” ብለው ፎቶ አነሡት። ፎቶው በየመጽሐፉ ሲታተም ኖሮ፣ ዊሊያም ፍራሳኒቶ የሚባል አጥኚ በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ቦታ ከቦታ እያመሳከረ ሬሳው መዛወሩን አሳየ። የልጁ መንፈስ ካሜራ ይጠላል የሚባለው ለዚህ ነው። ሌላው ወሬ ሁሉ ይቅርብኝና ይህን ባምን ደስ ይለኛል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ካሜራ ከመስበር አልመለስም ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ስልኩ ጠፋ።

ልጄ ጮኸች። ስልኩ የእሷ ነው፤ ፍሬድሪክ ስንደርስ ባትሪው አሥር በመቶ እንደነበረ፣ መንገዱንም ሁሉ ቪዲዮ ስታይ እንደመጣች ላስረዳት ብሞክር የሚሰማኝ ጠፋ። አማቴ ግን አልጮኹም። ጠርሙሳቸውን ከፈቱ፣ “በስመ አብ” አሉና ስልኩን በጠበል ረጩት።

“እማማ! ኦ ማይ ጋድ! ስልኬን!”

ነጥቄ በሸሚዜ ጠረግሁትና የመኪናው ቻርጀር ላይ ሰካሁት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራ። ማቃሰቱም ካቆመበት ቀጠለ። “አየህ?” አሉኝ አማቴ ጠርሙሱን እየከደኑ። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል መተንፈስ አልቻልኩም።

የመጨረሻችን ሊትል ራውንድ ቶፕ ነበር። ሰሜኖቹ የግራ ክንፋቸውን ያተረፉበት ኮረብታ ነው፤ የሜይን 20ኛ ሬጅመንት ጥይቱ ሲያልቅበት በሳንጃ ወደ ታች የወረደው እዚህ ነው። ስልኩ እንደሚለው፣ ወታደሮቹ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ጥንታዊ ልብስ የለበሰ ሰው በነጭ ፈረስ ከፊታቸው ሲጋልብ አዩ። በ1799 የሞተው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው ተባለ።

“በነጭ ፈረስ?” አሉ አማቴ።

“በነጭ ፈረስ።”

“ከፊት ከፊት እየመራ?”

“እንደዚያ ነው የሚባለው።”

በሐዘኔታ አዩኝ። “እነሱ ካላወቁት ምን ይደረግ! አድዋም ላይ እሱው ነበር።”

በዚህ መሀል መሽቷል። ፓርኩ ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። የመንፈስ ጉብኝት በጨለማ መጀመር ሲገባው ልክ በጨለማ ያበቃል፤ ይህን ሳይነግሩን ነው የሸጡልን። ከማቆሚያው ለመውጣት መኪናውን ስፈልግ፣ ልጄ ጫማዋን ስታስር፣ አማቴ ለሰማዕቱ ሲሳለሙ ሰዓቱ አለፈ። ሞተር አስነሥቼ ገና ሳልንቀሳቀስ መስኮቴ ተንኳኳ። ባትሪ የያዘ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰው። ልጄ ጮኸች። እኔም አልጮኽኩም ብል አማቴ ይመሰክሩብኛል። የፓርኩ ሬንጀር ነው። ፓርኩ መዘጋቱን በትሕትና ነገረኝና፣ ከመኪናው የሚሰማውን ማቃሰት አድምጦ “ሁላችሁም ደህና ናችሁ?” አለ። አማቴ በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው ቆሎ ሰጡት። አመስግኖ ትንሽ ዘገነ፤ አልበላውም፣ ኪሱ ከተተው።

ወደ ቤት ስንመለስ እዚያ ጎንደር ሊነጋ ነው። እህታቸው ለኪዳን ሲነሡ አማቴ ደወሉና መኪና ሙሉ በሚሰማ ድምፅ ተረኩላቸው። የሰይጣን ጎሬ፣ የሞተው ስልክ፣ ጠበሉ፣ በነጭ ፈረስ የመጣው… “ከዚያማ ምን ልንገርሽ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ባርኔጣው ይህን የሚያህል የዱሮ ወታደር ከጨለማው ብቅ አለ! መስኮቱን ቆረቆረው!”

“ዳዲ፣ ሬንጀሩ እኮ ጢም የለውም” አለች ልጄ በሹክሹክታ።

“ቆሎ ሰጠሁት።”

“ወይ ጉድ! በላው?” አሉ እህትየው ከጎንደር።

“ከነፌስታሉ!”