የኤንክሌክስ ወሬ ሰለቸን

ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ነርሲንግ የተማረ አበሻ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልጅቷ የነርስነት ፈቃድ የሚያስገኘውን ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ ተፈትና ወጥታ ስልኳን ስትከፍት «እህል ቀመስሽ? ደከመሽ?» የሚላት የለም። «ስንት ጥያቄ ላይ ዘጋብሽ?» ነው። 85 ካለች አንዱ «በቃ አልፈሻል» ብሎ እልል ይላል፤ ሌላው «እንዲህ ቶሎ የሚዘጋው የወደቀ ሰው ላይ ነው» ብሎ ወሽመጧን ይቆርጠዋል። 150 ድረስ ከሄደችማ ዘመድ እንደሞተባት ነው የሚያጽናኗት።

ኧረ በፈጠራችሁ! ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈተና ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው፤ ከ85ቱም 15ቱ ገና የሚሞከሩ ስለሆኑ ነጥብ የላቸውም። ኮምፒውተሩ ከየመልሱ በኋላ የተፈታኟን አቅም እንደገና እየገመተ፣ ልታገኘውም ልትስተውም የምትችለውን ጥያቄ ያመጣባታል። ከማለፊያው በላይ ወይም በታች መሆኗን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ካወቀ ይዘጋል። 85 ላይ የሚያልፍም የሚወድቅም አለ፤ 150 ላይም እንደዚያው። ጎበዟም ብትሆን «ግማሹን ሳልስተው አልቀርም» እያለች የምትወጣው ጥያቄው በአቅሟ ልክ ስለሚመጣባት ነው። ይህን እያስረዳን አፋችን ደረቀ እኮ!

«ሴሌክት ኦል (ትክክሉን ሁሉ ምረጪ የሚለው ጥያቄ) ከበዛልሽ አልፈሻል» የሚሉም አሉ። የጥያቄው መልክ ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከፊል ነጥብ ይሰጣል፤ «አንዷን ከሳትሽ ዜሮ ነው» የሚለው የድሮ ወሬ ግን አሁንም ልጆቹን እንቅልፍ ይነሳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የካርዱ ነገር ነው። «ቤት ገብተሽ እንደገና ለመመዝገብ ሞክሪ፤ ከከለከለሽ አልፈሻል፣ ብሩን ከወሰደ ወድቀሻል» ይሏታል። የመመዝገቢያው ክፍያ ነርሲንግ ሆም ሌሊት እያደረች፣ ሽማግሌ እያገላበጠች ያገኘችው 200 ዶላር ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ የካርዷን ቁጥር ታስገባለች። ብሩ ሲቆረጥባት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘጭ ብላ ያለቀሰች ልጅ አይቻለሁ። ውጤቱ እኮ ገና አልወጣም! ትክክለኛውን ውጤት የሚሰጠው ፈቃዱን የሚያወጣው የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ነው። በብዙ ስቴቶች ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ይፋ ያልሆነውን ውጤት ማየት ይቻላል። ሁለት ቀን መጠበቅ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። በየሰዓቱ እየደወልን የባሰ የምናስጨንቃት ግን እኛው ነን።

«ለውጭ ሰው ሆን ብለው ያከብዱታል» የሚባለውም ይብቃ። ኮምፒውተሩ ጥያቄ ሲመርጥ የማንንም ስም አያይም። የሚያስቸግረው አንድም እንግሊዝኛው ነው፣ አንድም የጥያቄው አጠያየቅ። ሸምድደን ላደግን ሰዎች «ከአራቱ በሽተኞች መጀመሪያ ማንን ታያለሽ?» የሚል ጥያቄ፣ አራቱም መልስ ትክክል መስለው ሲታዩ፣ ራስ ያዞራል። መፍትሔው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደጋግሞ መሥራትና ትክክሉ ለምን ትክክል እንደሆነ ማንበብ ነው። በቴሌግራም «የወጣ ጥያቄ አለን» እያሉ ብር የሚሰበስቡት ይህን አያስተምሩም።

የወደቀችው ደግሞ ቢያንስ 45 ቀን ሳይሞላት እንደገና አትፈተንም። በየትኛው ክፍል ከማለፊያው በላይ፣ በየትኛው አጠገቡ፣ በየትኛው በታች እንደሆነች የሚገልጽ ወረቀት ይላክላታል። መነበብ ያለበት እሱ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያገኛት ሁሉ «ፈተናውስ እንዴት ሆነ?» ይላታል እንጂ፣ መድኃኒቱ ላይ ደክማ እንደሆነ ወረቀቱን አብሯት የሚያይ፣ ወይም እሷ እስክታጠና ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቿን የሚይዝላት ዘመድ እየጠፋ ነው።