አቧራ በገንዘብ የሚገዛበት ዘመን

ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳያል! እኔ በጉብዝናዬ ዘመን የፊያት ኤንትሬ ረዳት ነበርኩ። ከቆሼ የማረቆ በርበሬ ጭነን፣ ቡታጅራን አልፈን፣ በዓለምገና አድርገን መርካቶ በርበሬ ተራ እናራግፍ ነበር። መኪናው ሲቆሽሽ የሚሰደበው ረዳት ነው። ሾፌሩ ጥላ ሥር ሻዩን ፉት ሲል እኔ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ከኮፈን እስከ ፓርፋንጎ፣ ከስፖኪዮ እስከ ቸርኬ እፈትግ ነበር። ቸርኬው ላይ ጭቃ ከተገኘ የምሳ ነገር አበቃ።

ዛሬ የልጅ ልጄ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መኪና ያቆሽሻል።

መኪናዋ የመጫወቻ ናት፣ ክንድ አታክልም። ላሜራዋ ከዘይት ጣሳ፣ ጎማዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ፣ ስፖንዳዋ ከካርቶን ነው። እጁ ይባረክ፣ ስታምር! ቀለሙ ሲደርቅ ደስ ብሎኝ መርቄው ተኛሁ። በነጋታው ስነሣ ዝጋለች። ሌሊቱን ዝናብ የመታት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ ልጁ ራሱ ነው ዝገት የቀባት! እናቱን፣ ምራቴን፣ ጠርቼ ብከስ፣ «ተወው አባዬ፣ ጫት ቤት ከሚውል ይሻላል» አለችኝ። መስቀል ደርሶ አገሩ ሁሉ ቤቱን ሲያጥብና ሲለቀልቅ የኛ ቤት ልጅ ቆሻሻ ያመርታል።

ከየት እንደተማረው ስጠይቅ ስልኩን ከፍቶ ፈረንጆቹን አሳየኝ። እነሱ የሚሠሩት ባቡር ነው። ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1859 የተቋቋመ ነው አለኝ፤ ከኛ ኤንትሬ በፊት ማለት ነው። ሐምቡርግ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ፣ ከተማው፣ ተራራውና ባቡሩ ሁሉ በትንንሹ የተሠራበት አዳራሽ አለ። የባቡሮቹ ዋናው ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ 12 ሜትር የሚረዝመው ፉርጎ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፣ ገባኝ። ግን አዋቂው ሰውዬ፣ ሽበት ያለው ሰውዬ፣ አዲሱን ፉርጎ ከካርቶኑ ያወጣና ማቆሸሽ ይጀምራል። የዝገት ዱቄት በብልቃጥ ይሸጣል። የጭስ ጥላሸት በብልቃጥ ይሸጣል። አቧራም ይሸጣል! እኛ ስንት ዘመን በነጻ ስንተነፍሰው ኖረናል።

ዘዴያቸው ደግሞ ብዙ ነው። አንዱ ጥቁር ቀለም በጣም አቅጥኖ ፉርጎው ላይ ያፈሳል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ጥቁሩ በየስንጥቁ ይቀራል። ሌላው መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀባል፣ በላዩ የጸጉር ስፕሬይ ይነፋል፣ ዋናውን ቀለም ይደርብበታል። በመጨረሻ በውኃ አርሶ በብሩሽ ሲፈገፍገው ቀለሙ ይላጥና ዝገቱ ከሥር ብቅ ይላል። የምራቴ ስፕሬይ በአንድ ሳምንት ለምን እንዳለቀ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ እስካሁን አልሰማችም።

ከቀደምቶቹ አንዱ ጆን አለን የሚባል የካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ ሰው ነው። ያኔ ብዙው ሰው ባቡሩን እያብረቀረቀ ሲያስኬድ እሱ ባቡሩንም ቤቱንም ያስረጀው ነበር። ፉርጎ የምትገፋለት ደግሞ ኤማ የምትባል የዳይኖሰር ቅርጽ ነበረች። እንግዲህ ዝገቱ እውነተኛ ካልመሰለ ብሎ ሌሊት የሚያድር ሰው ዳይኖሰር ባቡር ሲገፋ አይከነክነውም! እ.ኤ.አ. በ1973 ጥር ላይ ሞተ፤ በቀናት ውስጥ እሳት ተነሥቶ ልፋቱን አብዛኛውን በላው። ነፍስ ይማር፤ እሳቱ ግን ማስረጀቱን አብዝቶታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ማቆሸሹስ ይሁን፤ ካቆሸሹ አይቀር ግን ማወቅ ነበር። ይኼ ልጅ ዝገቱን ክትፎ ላይ እንደሚነሰነስ ሚጥሚጣ በመኪናዋ ሁሉ እኩል በትኖታል። የት አይቶ? ዝገት የሚነሣው ቀለም ከተላጠበት ነው፤ ዝናብ ሲመታው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ነዳጅ ታንከሩ ክዳን ሥር ናፍጣ ስለሚንጠባጠብ አቧራው እዚያ ጠቁሮ ይጋገራል። መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የደረሰበት ይጸዳል፣ ጥጉ አቧራ እንደለበሰ ይቀራል። የሾፌሩ መስኮት ጠርዝ ክንድ ስለሚደገፍበት ያብረቀርቃል። ረዳት የሚንጠለጠልበት መሰላል ቀለም አይኖረውም፤ የበላው የኔ እግር ነው። በርበሬ የጫነ መኪና ደግሞ ስፖንዳው ስንጥቅ ውስጥ ፍሬ ይሰካል፤ አጥበህ አጥበህ አይለቅም፣ በሚቀጥለው ጉዞ ያስነጥስሃል። የማረቆ በርበሬ ጫንኩ የምትል መኪና አንዲት ፍሬ ሳይገኝባት ምን ጭና ነው የመጣችው? መኪና የሚቆሽሸው በሠራበት በሠራበት ቦታ ነው። ሥራ ያላየ ሰው ቆሻሻ እንኳ ማስቀመጥ አይችልም።

ይኼን ስዘረዝር ልጁ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል! እየተቆጣሁት መሆኑን ማን ይንገረው?

ብሶ አሁን የምድር ባቡሩን ካልሠራሁ ብሏል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረውን የድሮውን። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው በ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል ብሎ አስልቶ ጨርሷል። ባቡር ቆሼን ረግጧት አያውቅም፤ ልጁ ግን ጭቃው ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔም ፉርጎ ከታች ቡናማ የሚሆነው ከጭቃ ሳይሆን ፍሬኑ ብረት ከብረት ሲያፋጭ ከሚወጣው ብናኝ ነው አልኩት። ይኼንንም ጻፈ።

ብይኔ ይኼው ነው። የምታስረጁ ልጆች ሆይ፣ ከመቀባታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ አንድ አሮጌ አይሱዙ ዙሩ፣ ሥሩም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ያላያችሁትን ያረጀ ሰው ጠይቁ፤ ቢቆጣም ይነግራችኋል። የእናታችሁን ስፕሬይ ተኩ። የኛው ደግሞ፣ በር ላይ የቆመችው የአባትህ ባጃጅ እውነተኛ አቧራ ለብሳ ሰንብታለችና መጀመሪያ እሷን እጠብ።